ቪጎ ደብል ጋቢና ከፍ ሲደረግ ምን ከምን ይጋጫል? (ለመንዝና ለእነዋሪ መንገድ)

ሞፈርውሃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ቶዮታ ቪጎ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ 2.5 ዲዝል፣ 4 በ 4። ጎማው 265/65 ቸርኬ 17። መንገዱ ከደብረ ብርሃን በጣርማበር መሐል ሜዳ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ እነዋሪና ደነባ። ካሶኒው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 3 ኩንታል፣ ሲበዛ 6 ኩንታል ይጫናል።

ክረምቱ ሳይገባ ከፊትም ከኋላም 3 ኢንች ላነሳውና ጎማውን ወደ 285/70 ልቀይረው አስቤያለሁ። የቀረበልኝ ዕቃ ከፊት ከሞላው ራስ በላይ የሚገባ ስፔሰር፣ ከኋላ በባሌስትራውና በአክሰሉ መሃል የሚገባ ብሎክ ነው። ከፍ ካሉ መኪኖች ላይ አርሙ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ክንድ) ሞላውን ሲመታ፣ የሲቪ ጆይንት (ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው መታጠፊያ) ላስቲክ ሲቀደድ፣ ጎማው ፕላስቲኩን ሲፍቅ ይታያል። ገንዘብ ሳላወጣ ምን ልለካ? ምንስ ልተው?

ጎሚኒ፦

3 ኢንቹን ለጊዜው ርሳው፤ መጀመሪያ የመኪናህ ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ጉዞ እወቅ።

ቪጎ ከፊት የላይና የታች አርም አለው። ሞላና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ሆነው ከታችኛው አርም ተነስተው፣ በላይኛው አርም መሃል አልፈው ሻንሲው ላይ ይታሰራሉ። ጎማው ከመጨረሻው መውረጃ እስከ መጨረሻው መውጫ የሚሄድበት ርቀት በፋብሪካ የተቆረጠ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ጎማው የሚገኘው ከዚህ ርቀት መሃል አካባቢ ነው። ከፍ ስታደርገው ርቀቱ አይረዝምም። መቆሚያው ነው ወደ ታችኛው ጫፍ የሚጠጋው። ለምሳሌ ከመቆሚያው በታች 80 ሚሊ ሜትር መውረጃ ቢኖርህና ሞላውን ብቻ አጠንክረህ 75 ሚሊ ብታነሳው፣ የቀረህ 5 ሚሊ ነው። ከዚያ በኋላ ትንሿ ጉድጓድ ሁሉ አሞርዛተሩን እስከ ጫፉ ትስበዋለች። “ኳ” የሚል ድምፅ ይሰማሃል፤ ቀጥሎ ዘይቱን ይተፋል።

ያን ለመሸሽ ነው ስፔሰሩን ከላይ፣ ከሻንሲው ሥር የሚያስገቡት። ጎማው አሁን ፋብሪካው ካሰበው በታች ይወርዳል፤ የጠቀስካቸው ግጭቶችም ከዚህ ይመጣሉ። የላይኛው አርም ወደ ታች ሲያጎነብስ ውስጡ ሞላውን ይነካል። የላይኛው ቦል ጆይንት (አርሙን ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ኳስ) ከቤቱ ጠርዝ ጋር ይጋጫል፤ ይህ አደገኛው ነው፣ አንገቱ ሊሰበር ይችላል። የሲቪ ጆይንቱ ማዕዘን ይበዛና የላስቲኩ እጥፋቶች እርስ በርስ ይፋቃሉ።

በፋብሪካው የላይኛ አርም እስከ 50 ሚሊ ድረስ መሄድ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ላለ መኪና የተሠራ የላይኛ አርም ያስፈልጋል፤ ለሞላው ቦታ የሚለቅ፣ ቦል ጆይንቱም ለበለጠ ማዕዘን የተሠራ። ያ ሌላ ወጪ ነው፤ ሲቪ ጆይንቱንም አያድነውም።

ቶርኖ ቤት፦

ጎሚኒ ያለው ላይ ልጨምር። “የ3 ኢንች ስፔሰር” የሚባለው ዕቃ ራሱ 3 ኢንች አይደለም፤ መሆንም የለበትም። አሞርዛተሩ የታችኛውን አርም የሚይዘው ከመሃል አካባቢ ስለሆነ ከላይ የገባው ውፍረት ጎማው ላይ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 25 ሚሊ ስፔሰር መኪናውን ከ45 እስከ 50 ሚሊ ያነሳል። 75 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት ቆርጦ የሚሰጥህ ካለ ሸሽ፤ ጎማው ላይ 14፣ 15 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

ሰው የማያየው ግን ወደ ላይ ያለውን ነው። የታችኛው አርም ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የሚያርፍበት ማቆሚያ ጎሚኒ ቦታው አልተለወጠም። አሞርዛተሩ ግን በስፔሰሩ 25 ሚሊ ወደ ታች ተገፍቷል። እንግዲህ አርሙ ማቆሚያው ላይ ሲደርስ አሞርዛተሩ ከበፊቱ 25 ሚሊ ይበልጥ ይጨመቃል። በፋብሪካው ሁኔታ በዚያ ነጥብ ላይ 20 ሚሊ ትርፍ ከነበረው አሁን 5 ሚሊ ጎደለው፤ ፒስቶኑ ታች ያለውን ቫልቭ ይመታል፣ ወይም የላይኛው ማሰሪያ ጎሚኒ ይቀደዳል። “አሞርዛተሩ ፌክ ነበር” ይባላል፤ አሞርዛተሩ ምንም አላጠፋም። መፍትሔው ማቆሚያውን ማውረድ ነው፤ ከሥሩ ሰሌዳ ብረት አስገብቶ አሞርዛተሩ ጫፉ ሳይደርስ አርሙ እንዲያርፍ ማድረግ።

ሌላው ዓይነት ስፔሰር ውስጥ፣ ከሞላው ራስ ላይ የሚቀመጠው ነው። እሱ የአሞርዛተሩን ርዝመት ስለማይነካ አርሙም ሲቪውም ከፋብሪካው በታች አይወርዱም። ጉዳቱ ሞላው አስቀድሞ መጨመቁ ነው። የሞላውን ሽቦ ውፍረት በጥቅሎቹ ቁጥር አባዛ፤ 14 ሚሊ ሽቦ 9 ጥቅል ከሆነ 126 ሚሊ ላይ ሞላው ድንጋይ ይሆናል። አርሙ ማቆሚያው ላይ ሲያርፍ ለሞላው የሚቀረው ርዝመት ከዚህ ቢያንስ በ10 ሚሊ መብለጥ አለበት። ካልበለጠ ጥቅል ከጥቅል ይገጥምና ሞላው ይሰበራል፣ ወይም መቀመጫው ይጣመማል።

የትኛውንም ብትመርጥ ሁለቱን ደርበህ አታስገባ።

ሸዋ በር፦

ይህን ያህል ማካበድ ለምን? ስፔሰር የገጠሙ ስንት መኪኖች ይሠራሉ። ሞላ መግዣ ለሌለው ሰው ስፔሰር ጥሩ ነው።

ጎሚኒ፦

@ሸዋ በር ይሠራሉ፤ 20 ሚሊ ከላይ አስገብቶ ጎማውን ያልቀየረ፣ አስፋልት የሚበዛበት ሰው ዓመታት ይነዳል። ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጥምዝ ላይ ጭነት ይዞ መሪውን እስከ ጫፍ የሚያዞር ሰው ግን ሌላ ነው። እዚያ የውጪው ጎማ ይቀበራል፣ የውስጡ ይንጠለጠላል፣ መሪውም ተጠምዝዟል። ሦስቱም ክፉ ነገሮች በአንድ ጊዜ። መለካት ያለበት ያ ነው።

ሞፈርውሃ፦

እሺ ገባኝ። ታዲያ ይህን ቤት ውስጥ እንዴት ልለካው? ክሪክ፣ መደገፊያና የቁልፍ ስብስብ አለኝ። የሞላ መጭመቂያ ግን የለኝም።

ቶርኖ ቤት፦

መጭመቂያ ከሌለህ ሞላውን ራስህ አትፍታ። በክርና በሽቦ አስሮ የሚፈታ አለ፤ ከተፈናጠረ ፊት ይፈነክታል። ጋራዥ ወስደህ አስፈታ፤ ሌላውን በራስህ ትሠራለህ።

መጀመሪያ መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ ካሶኒው ላይ የተለመደው 3 ኩንታልህ ይኑር፣ የጎማው ነፋስ ልክ ይሁን። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ ብለህ አራቱንም ለካና ጻፍ። ከመሬት አትለካ፤ ጎማ ሲቀየር ቁጥሩ ይዋሽሃል። ከዚያ ጭነቱን አውርደህ 6 ኩንታሉን ጭነህ የኋላዎቹን ድገም።

ቀጥሎ ሻንሲውን መደገፊያ ላይ አስቀምጥ፤ ክሪክ ላይ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ። ጎማውን አውጣ፣ የማረጋጊያውን ባር ማያያዣዎች ከሁለቱም በኩል ፍታ፣ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው እንዳይወጠሩ አስተውል። ሞላው የወጣለትን አሞርዛተር፣ ከነሚገባው ስፔሰር፣ ባዶውን መልሰህ እሰር። አሁን በክሪክ የታችኛውን አርም ወደ ላይ ግፋ። አርሙ ማቆሚያ ጎሚኒውን ሲነካ ቁም፤ አሞርዛተሩ ስንት ሚሊ ቀረው? ሲነዳ ጎሚኒው ራሱ ስለሚጨመቅ ከቁመቱ ግማሹን ቀንስ። የተረፈህ ከ10 ሚሊ ካነሰ ማቆሚያው መውረድ አለበት።

እዚያው ላይ ጎማውን ግጠምና መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙር። ፊት ለፊት የፓራፋንጎውን ፕላስቲክና የፓራውልቱን ጥግ፣ ከኋላ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚታሰርበትን ብረት ተመልከት። ከውስጥ የላይኛው አርምና የማረጋጊያው ባር አለ።

የመውረጃው ፈተና ሞላው ተመልሶ ሲገጠም ነው። አርሙ እስኪንጠለጠል ክሪኩን አውርድ። በላይኛው አርምና በሞላው መሃል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ዓይን ያታልላል። ጠንከር ብሎ የተቦካ ሊጥ በፌስታል ጠቅልልና ሞላው ላይ ለጥፈው፤ አርሙን ሦስት ጊዜ አውጣና አውርድ፤ ከዚያ ሊጡን አንስተህ በቢላ ቁረጠውና የተጨፈለቀበትን ውፍረት ለካ። ከ5 ሚሊ በታች ከሆነ አልፏል አትበል። ጎሚኒዎቹ ሲያረጁ አርሙ ያንን ያህል ይንቀሳቀሳል።

እንደተንጠለጠለ ሲቪውን በእጅህ አዙረው። በየዙሩ የሚይዝ ቦታ ካለ፣ ወይም የላስቲኩ እጥፋቶች ተጣብቀው ከተፋቀቁ፣ ያ ቁመት ለዚያ መኪና በዝቷል።

መረሬ፦

እነዋሪ ለሚነዳ ሰው ከላይ የተጻፈው ቁጥር በደረቅ ነው። በሐምሌ መረሬው (ጥቁሩ ጭቃ አፈር) ጎማ ላይ ሲጠቀለል 10 ሚሊ ክፍተት ማለት ምንም ክፍተት የለም ማለት ነው። ጭቃው በጎማውና በላይኛው አርም መሃል ይታጨቃል፣ ገለባ ይቀላቀልበታል፣ ከዚያ እንደ ብሬክ ይይዛል። የኤቢኤስ ሽቦውንም ይዞ ይሄዳል። ለዚህ መንገድ በጎማውና በማንኛውም ብረት መሃል 25 ሚሊ ያስፈልጋል።

ስለዚህ 285ቱን ተው። ሒሳቡ ይኸው፦ 265/65 ቸርኬ 17 ቁመቱ 776 ሚሊ ነው። 285/70 ደግሞ 831። ልዩነቱ 55 ሚሊ፤ ጎማው ከመሃሉ ወደ ዙሪያው ሁሉ 27 ሚሊ ይበልጣል፣ ወርዱም በ20 ሚሊ ይሰፋል። 265/70 ብትገዛ ቁመቱ 803 ነው፤ በዙሪያው 13 ሚሊ ብቻ ጨመረ፣ ወርዱ ያው ነው። የኋላው ዲፈረንሻል ከመሬት የሚርቀው በጎማ ብቻ እንደሆነም አትርሳ። ሞላና ባሌስትራ ጋቢናውን ያነሳሉ እንጂ የኋላ አክሰሉን አንዲት ሚሊ አያነሱም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ “ከፍ ካደረግሁት ትልቅ ጎማ ይገባል” ይላል። መኪናው ቆሞ ሳለ ይገባል። ጎማው ሲቀበር ግን የሚደርሰው ድሮ በሚደርስበት ነው፤ ማቆሚያው አልተነካማ። ትልቅ ጎማ ቦታ የሚያገኘው ማቆሚያው ሲወርድ፣ ወይም ፕላስቲኩ ሲቆረጥና የጋቢናው ማሰሪያ ጥግ ተመቶ ሲበየድ ነው።

እግረ መንገዴን፦ በ831 ጎማ ቆጣሪው 80 ሲል የምትሄደው 86 አካባቢ ነው፤ ማርሹም በ7 በመቶ ይከብዳል። ወደ ጣርማበር ሽቅብ 2.5ቱ ሞተር 6 ኩንታል ይዞ ያንን አይወድልህም።

ሞፈርውሃ፦

@መረሬ ልክ ነህ፣ 265/70 ይሁን። ቸርኬውን ግን ወጣ ያለ ልግዛ? ከአርሙ ይርቃል ብዬ ነው።

መረሬ፦

ከአርሙ ይርቃል፣ ከጋቢናው ማሰሪያ ጋር ይጋጫል። የፋብሪካው ቸርኬ ኦፍሴት (የመታሰሪያው ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል የሚርቅበት ሚሊ) 30 ነው፤ ኦፍሴት 0 ብትገጥም ጎማው 30 ሚሊ ወደ ውጪ ይወጣል። መሪ ስታዞር ጎማው ባለበት አይዞርም፤ ሰፊ ቅስት እየሠራ ወደፊትና ወደኋላ ይወረወራል። ኩሽኔታውም ሸክሙ ይጨምርበታል። 265 ወርድ ለፋብሪካው ቸርኬ በቂ ነው። ስፔሰር የሚባለውን የቸርኬ ማስወጫ ጨርሶ አታስበው።

አባ ባሌስትራ፦

ልጄ፣ ስለ ፊቱ ብዙ ተባለ፤ ወደ ኋላው ልውሰድህ።

ብሎኩን አታስገባ። ብሎክ አክሰሉን ከባሌስትራው ያርቀዋል። ሽቅብ ላይ በ1ኛ ማርሽ ጭነት ይዘህ ስትነሳ አክሰሉ በራሱ ዙሪያ መጠምዘዝ ይፈልጋል፤ ብሎኩ ደግሞ ለዚያ መጠምዘዝ ክንድ ይሰጠዋል። ባሌስትራው እንደ ፊደል “ሪ” እግር ይጠማዘዛል፣ መኪናው ይንገጫገጫል፣ ክሮቸራው (የዘንጉ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ያልቃል፣ መሃለኛው የባሌስትራ ቡሎን ይቆረጣል። እንጨት ወይም የተበየደ ቱቦ ብረት የሚያስገቡም አሉ፤ እሱን አስተያየት አልሰጥበትም። በብሎክ ላይ ብሎክ መደርደርም ያው ነው።

ብሎክ የግድ ከሆነ ከ40 ሚሊ አይብለጥ፤ አንድ ወጥ ብረት ይሁን፤ ከላይ የባሌስትራውን ቡሎን ራስ የሚቀበል ቀዳዳ፣ ከታች አክሰሉ መቀመጫ ውስጥ የሚገባ ጥርስ ይኑረው። የማቆሚያ ጎሚኒው በብሎኩ ቁመት ልክ ይውረድ፤ ካልወረደ አክሰሉ ማቆሚያው ላይ እስኪደርስ ባሌስትራው ከልኩ በላይ ወደ ላይ ይታጠፋል።

የሻክሉን (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው የሚያያዘውን) ማስረዘምም ሰው ይወደዋል፤ ርካሽ ነው። 50 ሚሊ የረዘመ ሻክል አክሰሉ ላይ የሚሰጥህ ግማሹን፣ 25 ሚሊ ነው። የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ላይ ያዞረዋል፣ ኋላውም በጎን ይወዛወዛል። ጥምዝ ለሚበዛበት መንገድ አልመክርም።

ትክክለኛው መንገድ ባሌስትራውን መለወጥ ነው፤ 300 ኪሎ ቋሚ ጭነት ተብሎ የተሠራውን። “ከባድ ይሻላል” ብለህ የ500ውን እንዳትገዛ፤ ባዶውን ስትነዳው ኋላው ይዘላል፣ መውረጃ የሚባል አይኖረውም፣ እርጥብ ኮረኮንች ላይ ይሸሻል። አቅም ከሌለ አንድ ቅጠል መጨመር ከ25 እስከ 40 ሚሊ ያነሳል፤ ቅጠሉ ረጅም ይሁን፣ አጭሩ ዋናውን ቅጠል በአንድ ነጥብ ላይ ይሰብራል።

ዩ-ቦልት ሁሌም አዲስ። አንዴ የተሳበ ክር ሁለተኛ እኩል አይይዝም። ርዝመቱ ከዳዶው በላይ ሦስት አራት ክር የሚያሳይ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። አራቱን በመስቀል እያፈራረቅህ አጥብቅ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያ ከ500 በኋላ ድገም።

ሞፈርውሃ፦

ጋሼ እጅግ አመሰግናለሁ። ባሌስትራው ይለወጥ። የኋላው አሞርዛተር ግን የፋብሪካው ይበቃል?

አባ ባሌስትራ፦

ለካ። ከላይኛው ቀለበት መሃል እስከ ታችኛው ቀለበት መሃል፤ አንዴ አክሰሉ ተንጠልጥሎ፣ አንዴ አክሰሉ ማቆሚያው ላይ አርፎ። የምትገዛው አሞርዛተር ሲዘረጋ ከመጀመሪያው ቁጥር በ15 ሚሊ ይርዘም፣ ሲታጠፍ ከሁለተኛው በ15 ሚሊ ይጠር። ረጅም ብቻ ፈልገህ ብትገዛ ሲታጠፍም ይረዝማል፤ 6 ኩንታል ጭነህ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ታችኛውን ማሰሪያ ከአክሰሉ ይገነጥላል። ዘንጉ ክፍት የሆነ ዓይነት ከሆነ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰርበትና ደርሰህ ተመለስ፤ የት ድረስ እንደተገፋ ያሳይሃል።

ሮቢት ቆላ፦

ፍሬኑን ማንም አላነሳውም እኮ!

ብዙ ቪጎዎች ከኋላ፣ ሻንሲው ላይ፣ በጭነት የሚሠራ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። ከአክሰሉ ጋር በዘንግ ይያያዛል። ኋላው ሲጫን ዘንጉ ይገፋል፣ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሄዳል። ኋላውን ስታነሳው ቫልቩ “መኪናው ባዶ ነው” ብሎ ያስባል፤ የኋላውን ግፊት ይቀንሳል፤ ሥራው ሁሉ በፊቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ደብረ ሲና፣ ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱን 6 ኩንታል ይዘህ ስትወርድ የፊቱ ሸራ ይቃጠላል። አክሰሉ ላይ ያለውን የዘንጉን ማሰሪያ በተነሳው ልክ ከፍ አድርገው፤ ዘንጉ በፊት የነበረውን ማዕዘን እንዲይዝ። ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው።

ቱቦውን ደግሞ አራቱም ጎማ ተንጠልጥሎ፣ የፊቱን መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሮ እየው። በጣትህ ስትጫነው መላላት አለበት። ከተወጠረ ቱቦውን የያዘውን ማሰሪያ ማውረድ ይቻላል፤ ካልበቃ የረዘመ ቱቦ ይገጠም። የእጅ ፍሬኑን ገመድና ከኋላ ዲፈረንሻሉ የሚወጣውን የአየር ቱቦ አትርሳ፤ ይሄኛው ከተላቀቀ የሞፈር ውሃን ወንዝ ስትሻገር ዘይቱ ውስጥ ውሃ ይገባል።

ሚዛን፦

አላይመንት የምሠራ ሰው ነኝ፤ የእኔ ድርሻ ይኸው።

የታችኛው አርም ጎሚኒ ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ላዩ ላይ ሆኖ ነው። አርሙ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅሃቸው ጎሚኒዎቹ ገና ከጅምሩ ይጠመዘዛሉ፤ ቁመቱን ያሳስታሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ። የባሌስትራ ጆሮ ቡሎኖችም እንዲሁ። እንዲያውም “የገጠምኩት ሞላ ሁለቱ ጎን እኩል አልሆነልኝም” የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

መኪናው ከፍ ሲል ካስተሩ (ጎማው መሪ ሲዞር የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) ይቀንሳል፤ መሪው ከጥምዝ ሲወጣ ራሱ አይመለስም፣ አስፋልት ላይ ይንከራተታል። ቪጎ ላይ የሚስተካከለው በታችኛው አርም በሁለቱ ጠማማ ቡሎኖች ነው፤ አቅማቸው ደግሞ ውስን ነው። ከ50 ሚሊ በላይ የተነሳ መኪና ካምበሩን (የጎማውን ወደ ጎን ዘንበል) ሳስተካክል ካስተሩ ያልቅብኛል፤ ያኔ የላይኛውን አርም ካልለወጥክ ምንም ማድረግ አልችልም። ለሚሠራልህ ሰው የምትለው ይህ ነው፦ የታችኛውን አርም ወደፊት በሚያመጣ በኩል ካስተሩን ጨምር። ጎማው ከጋቢናው ማሰሪያ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ በዚያው የመፋቅ ችግርህ ይቃለላል። ፊት ያለው ፕላስቲክ እንዳይነካ ግን መልሰህ እይ።

ቴስቲናዎቹንም (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያዎቹን) እይልኝ። ያረጀ ቴስቲና በአዲሱ ማዕዘን ብዙ አይቆይም።

ሸዋ በር፦

እሺ ተሸነፍኩ 😄 እኔ ግን ያለኝ የድሮው ኢሱዙ ዲማክስ ነው፤ ከፊት ሞላ የለውም፣ ቶርሽን ባር (በመጠምዘዝ እንደ ሞላ የሚያገለግል ዘንግ) ነው። ቡሎኑን ማጥበቅ ብቻ አይደለም እንዴ? ስፔሰር የለ፣ ምን የለ።

ጎሚኒ፦

ቡሎኑን ስታጠብቅ መቆሚያውን ብቻ ነው የምታነሳው፤ መጀመሪያ ያልኩት ነገር እዚህ ይብሳል። የላይኛው አርም ወደ ታች ሲወርድ የሚያርፍበት ትንሽ ማቆሚያ ጎሚኒ አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ በአርሙና በእሱ መሃል 25 ሚሊ ካልቀረ ቡሎኑን መልሰህ አላላ። ብዙ ያጠበቁት ዲማክስ ቆሞ እንኳ አርሙ ጎሚኒው ላይ ተጋድሞ ታገኘዋለህ። ሲያጠብቁም ጎማውን ከመሬት አንስቶ ነው፣ ያለዚያ ክሩ ይበላል። ከ30 እስከ 40 ሚሊ ይበቃሃል።

አንኮበር ቁልቁል፦

የላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ላላቸው ባጭሩ፦ ፊቱ ወጥ አክሰልና ሞላ ስለሆነ የሲቪው ጣጣ የለም። አክሰሉን በጎን የሚይዘው ዘንግ ግን መኪናው ከፍ ሲል አክሰሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ የሚስተካከል ዘንግ ይግጠሙ። ለካስተሩ ደግሞ የአርሙን ጎሚኒ ቀዳዳው ከመሃል በወጣው ይቀይሩ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ለሚወርድ መኪና ካስተር የጎደለው መሪ አያስተማምንም።

ሞፈርውሃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዕቅዱ እንዲህ ተለወጠ፦ ከፊት ስፔሰር ሳይሆን አዲስ ሞላ ከነአሞርዛተሩ፣ 40 ሚሊ። ከኋላ የ300 ኪሎ ባሌስትራ፣ አዲስ ዩ-ቦልት፣ በልክ የተገዛ አሞርዛተር። ጎማ 265/70 በፋብሪካው ቸርኬ። የላይኛውን አርም አልነካም። ዲፈረንሻሉን ማውረጃ የሚባለውን ዕቃ ልግዛ ወይስ ልተው?

ቶርኖ ቤት፦

ለ40 ሚሊ ተወው። የሲቪውን ማዕዘን ትንሽ ያቀለዋል፤ ግን የፊት ዲፈረንሻሉን ወደ 25 ሚሊ ወደ ድንጋዩ ያወርደዋል፣ የሥር መከላከያ ብረቱም ስፔሰር ካልተጨመረለት ይነካካል። ከፍ ለማለት ብለህ ከፍለህ ዝቅ ማለት ነው።

አንድ ነገር ጠብቅ። የደብል ጋቢናው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ሁለት ክፍል ነው፤ መሃሉ ላይ በኩሽኔታ ተሰቅሏል። ኋላው ከተነሳ በኋላ በ1ኛ ማርሽ ስትነሳ ከሥርህ ቢንቀጠቀጥ ፍሪሲዮን አትክሰስ። የመሃለኛውን ኩሽኔታ ማሰሪያ በ10 ሚሊ ሮንዴላ አውርደውና ሞክረው።

ሮቢት ቆላ፦

ፋናውንም አስተካክል፤ ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ወደ ላይ የተነሳ መብራት ራስህን ነው የሚያሳውርህ። ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክም አሁን ስለሚያጥር ከሥሩ የሚገባ ወፍራም ሳንቃ ያዝ፤ መረሬ ላይ ካለ ሳንቃ ክሪኩ ራሱ ይሰምጣል።

ሞፈርውሃ፦

ሳንቃው ስንት በስንት ይሁን?

ሮቢት ቆላ፦

40 በ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5። ባሕር ዛፍ ይሁን፤ ጽድ ይሰነጠቃል።